ቁራ ያልመጣበት ጣሪያ

የማግ ወር በገባ በማግስቱ ጠዋት፣ ዱንገርኮት መንደር ውስጥ፣ ሀያት ሲንግ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቁራ ተጣራ። ጥሪው ሸለቆውን ተሻግሮ፣ በረዶ የለበሱትን ተራሮች አልፎ፣ ቲቤት ደርሶ ተመለሰ ቢባል ውሸት አይሆንም። ቲቤት መድረሱን ያየ የለም፤ መመለሱን ግን ሚስቱ ጃሱሊ በጆሮዋ ሰምታለች። ባዶውን ነበር የተመለሰው።

«ና ቁራ! ና ጉንጉንህን ብላ! ኧረ ና ቁራ!»

ሥራው የልጆች ነበር። በእኛ በኩል በዚያ ጠዋት ልጆች የጣፋጭ ጉንጉን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ከጣሪያ ጣሪያ ይሯሯጣሉ። የስንዴ ሊጥ በጥቁር ስኳርና በእንስላል ታሽቶ፣ እንደ ርግብ፣ እንደ ከበሮ፣ እንደ ሰይፍ ተጠማዞ፣ በቅቤ ተጠብሶ በክር ይሰካል፤ መሀሉ ላይ አንድ ብርቱካን ይንጠለጠላል። ቁራው መጥቶ ከጣሪያው የመጀመሪያውን ጉርሻ ከወሰደ፣ ያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሰው አለበት ማለት ነው። በዱንገርኮት ግን የመጨረሻው ሕፃን ያለቀሰበትን ዘመን የሚያስታውሰው ግድግዳው ብቻ ነው። ቤቶቹ ተቆልፈዋል። ጓጉንቸሮቹ ከመዛጋቸው የተነሣ በጣት ቢነኳቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራሉ። ሰው ወደ ሜዳው አገር ወረደ፤ ፍርፋሪ ለምዶ የኖረው ድንቢጥ እንኳ ሰውን ተከትሎ ወረደ። ስለዚህ ሀያት ሲንግ፣ ጢሙ የነጣ፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው፣ ጉንጉኑን ራሱ አጥልቆ፣ ብርቱካኑ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ ይጮሃል።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። መከር ላይ ከርከሮ ገብቶ ድንቹን ከነሥሩ ገልብጦ የሄደ ዕለት፣ ጃሱሊ ማሳው ዳር ቁጭ አለችና መነሣት አቃታት። ጉልበቷ ነው። ከምንጩ እስከ ቤታቸው ያለው ዳገት ሰማይ ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ነው የሚያቆመው፤ በዚያ ዳገት ላይ የመዳብ እንስራ በራሷ ተሸክማ ዕድሜዋን ሙሉ ተመላልሳበታለች። ያ ጉልበት ብረት ቢሆን ድሮ አልቆ ነበር። በዚያው ማታ በቤቱ ጥግ ካለው ከአምላካቸው ከጎሉ መደብ ፊት ቆመች።

«ስማኝ የቡፓል አባት፣ ጎሉም ይስማ» አለች። «በቁራ ቀን ቁራ ከጣሪያችን ከበላ፣ ሌላ አንድ ዓመት እንቆያለን፤ አፌን አልከፍትም። ካልበላ ግን በሩን ቆልፈን ልጃችን ጋ ሃልድዋኒ ከተማ እንወርዳለን። ያኔ አንተም አፍህን አትከፍትም።»

«ቁራ ብቻ?» አለ ሀያት ሲንግ ደረቱን ነፍቶ። «ንስር ነው የማመጣልሽ! ከነሚስቱ!»

«ቁራ ይበቃኛል።»

ጎሉ ፊት የተሰጠ ቃል አይመለስም። ሰውየው ቢረሳው ጎሉ ያስታውሰዋል፤ በጥርስ ሕመምም ቢሆን፣ በላም ሞትም ቢሆን ያስታውሰዋል።

ሀያት ሲንግ ሃልድዋኒን አይቷታል። ልጁ ቤት ያለው መስኮት ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ይገባል። አባቱም አያቱም የሞቱት እዚህ፣ በዚህ ምሰሶ ሥር ነው፤ እሱም የራሱን ቦታ መርጦ ጨርሷል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ የምትገባበትን ጥግ። መሞቻውን የመረጠ ሰው ዕቃ ጠቅልል ሲሉት ግራ ይገባዋል።

ፀሐይ ከትልቁ ዝግባ ጫፍ በላይ ወጣች። ቁራ የለም። ጃሱሊ ከውስጥ የመዳብ ሳህኖቹን ከግድግዳው እያወረደች በብርድ ልብስ መጠቅለል ጀመረች። ኳ! ይላል አንዱ። ኳ! ይላል ሌላው። እያንዳንዱ ኳኳታ የሚያርፈው የሀያት ሲንግ ልብ ላይ ነበር።

«የቡፓል አባት፣ ውረድ!» ብላ ጮኸች። «ጉሮሮህን ለሃልድዋኒ አስቀምጠው፤ እዚያ ከአውቶቡስ ጥሩምባ ጋር ትወዳደርበታለህ።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ቀኑ ቀን ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ድረቅ።»

«አልደርቅም። ቁራው ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቁራው።»

ጃሱሊ መጠቅለሉን ትታ ወደ ደጅ ወጣች። ባሏ በመሰላሉ እየወረደ ነው፤ ጉንጉኑ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። የተሰካበት ክር ከአሮጌ ሹራቡ የተተረተረ ሱፍ ነው። አረንጓዴነቱ ጉድ ነው፤ በቀቀን ቢያየው በላባው ያፍራል፤ በሦስት ሸለቆ ማዶ ያለ ዕውር ሳይቀር «ያ የሀያት ሲንግ ሹራብ አይደል?» ይላል። ሱቅ ከሌለበት መንደር ክር ከየት ይመጣል? ጃሱሊ በየዓመቱ ከዚያ ሹራብ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ትተረትራለች። ዘንድሮ ግን የግራ እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ ጠፍቷል። ሀያት ሲንግ አይጥ ነው ብሎ አይጥን ረግሞ ነበር።

«በዚህ ዕድሜህ ጉንጉን አጥልቀህ ጫካ ልትገባ ነው?» አለችው። «ሰው ቢያይህስ?»

«የት ያለ ሰው?»

«ድብ ቢያይህስ?»

«ድብ ተኝቷል። እሱ እንኳ ከእኔ ይሻላል፤ ሲደክመው ይተኛል።»

«ደግሞ ከጣሪያችን ነው ያልኩት! ጫካ ውስጥ ቢበላልህ ለጫካው ነው የሚቆጠረው።»

«ይዤው ነው የምመጣ። እየቆረስኩ፣ መንገድ መንገዱን እየጣልኩ እመራዋለሁ።»

«ዶሮ መሰለህ እንዴ? እናንተ የወዲህ ሰዎች ድሮም ቁራ አታውቁበትም።»

ይህን በየዓመቱ ትለዋለች። ጃሱሊ የወንዝ ማዶ ልጅ ናት። የእኛ ሰርዩ ወንዝ ሰውን ብቻ አይደለም፣ ቀንንም ይከፍላል፤ ማዶ ቁራ የሚጠራው ማግ በገባበት ዕለት ነው፣ ወዲህ ደግሞ በማግስቱ። የማን ልክ እንደሆነ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ጢማቸው ወገባቸው ደርሷል። ጃሱሊ ሙሽራ ሆና በመጣችበት ዓመት በማዶ ቀን ጉንጉን ሰቅላ፣ አማቷ እስኪሞቱ ድረስ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ለባሏ ወገን ትታለች።

ሀያት ሲንግ ዱላውን አነሣ። ጃሱሊ የሆነ ነገር ልትለው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችውና ወደ ውስጥ ገብታ ሳህኗን መጠቅለል ቀጠለች።

መንገዱ የሚጀምረው ከተተዉት እርከኖች ነው። አመዳዩ ገና አለቀቀም፤ ሣሩ ከእግር ሥር እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል። ድሮ ስንዴ ይዘራበት የነበረው ማሳ ሳማ ለብሷል፤ ሳማ ሲባል ሱሪ አልፎ፣ ሥጋ አልፎ፣ አጥንት የሚለበልብ ሳማ ነው። ከሳማው ጀርባ የኪልሞራ ቁጥቋጦ እሾሁን ወድሮ፣ የደረቁ የመጨረሻ ፍሬዎቹን እንደ ንፉግ አቅፎ ቆሟል። ካቡ ላይ አንዲት ሆደ ቀይ ትንሽ ወፍ ጭራዋን እያንቀጠቀጠች አየችው። ከዘንባባ ፍሬ አትበልጥም፤ ኩራቷ ግን የንጉሥ ዘብ ነው።

«ቁራ አይተሻል?» አላት።

ጭራዋን አንቀጠቀጠች። አላየችም።

ከእርከኖቹ በላይ የባንጅ ጫካ ነው። ባንጅ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አያራግፍም፤ ቅጠሉ ከላይ ጨለማ፣ ከሥሩ ብር ነው። ነፋስ ሲመጣ ጫካው በሙሉ ይገለበጥና ባንድ ጊዜ ይሸብታል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይጎለምሳል። ሀያት ሲንግ ይህን እያየ «እኔስ አንዴ ተገለበጥኩ፣ የሚመልሰኝ ጠፋ» ብሎ አሰበ። ከየቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት እስከ መሬት ተንዘርፍፏል። ግንዱ ላይ የበቀለው ተክል በብርዱ ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ተጨበጠ እጅ ተኮማትሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ይዘረጋል፤ እስከዚያ ግን ሞቷል ብለህ ብትቀብረው አይቃወምም። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ያስነጠሰ ሰው አፍንጫው የሚመታው መንገዱን ነው። ሀያት ሲንግ አንድ እግሩን ያነሣል፤ ሌላውን ይለምነዋል።

ድንገት ከቁጥቋጦው ውስጥ ሳቅ ተነሣ። አንድ ሳቀ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ ጠቅላላ ጫካው በሳቅ ፈረሰ። ጉሮሯቸው ነጭ የሆነ ሳቂታ ወፎች ናቸው፤ መንጋቸው ጦር ያህላል፤ ቅጠል እየገለበጡ ትል ሲፈልጉ ሰው ካዩ ይስቁበታል። ሀያት ሲንግ ቆመ።

«ሳቁ» አለ። «እኔም ብሆን እስቅ ነበር።»

ከጉንጉኑ አንድ ርግብ ሰብሮ ወረወረላቸው። ሳቁ ወዲያው ቆመ፤ ጠቡ ተጀመረ። እሱም እግሩን ማሳረፊያ ሰበብ ስላገኘ ጠቡ እስኪያልቅ ቆሞ አየ። ከዚያ ቁራ የሚመስል ጥቁር ነገር ከላይ አየሁ ብሎ ቀና ሲል፣ ከጎኑ አንዲት ሰማያዊ ወፍ፣ ጅራቷ ከራሷ ዕድሜ የረዘመ፣ ከትከሻው ላይ ከበሮውን ሞጭልፋ ሄደች። ጥቁሩ ነገር የተቃጠለ ግንድ ነበር። ግንዱን አንድ ግንደ ቆርቁር ይደበድበዋል፤ ታ ታ ታ ታ፤ ጭንቅላቱ እንዴት እንደማያመው ፈጣሪ ይወቅ። ሀያት ሲንግን እሱን በማየት ብቻ ራሱን አመመው።

ከፍ ብሎ፣ ጫካው በሚሳሳበት፣ አንድ የቡራንስ ዛፍ ፊት ለፊቱ ቆመ። ቡራንስ ቀይ አበባውን የሚያወጣው ብርዱ ሲለቅ ነው። ይሄኛው ግን በበረዶ መሀል፣ በማግ ወር፣ አንድ ቅርንጫፉ አብቦ ቆሟል፤ ቀይነቱን ከሩቅ ያየ ሰው ጫካው ተቃጠለ ብሎ ውሃ ይዞ ይሮጣል። ሌላው ቅርንጫፍ ሁሉ ገና እንቡጥ ነው። አበባው ውስጥ አንዲት ጢንጥዬ ወፍ ጭንቅላቷን ቀብራ ትጠጣለች።

«ማን ጠራህ አንተን?» አለው ዛፉን። «ቀንህ መቼ እንደሆነ ረሳህ?»

«ማንን ነው የሚቆጡት፣ ካካ?» አለው ዛፉ።

ሀያት ሲንግ ዱላውን ጣለ። ዛፉ ቡራንሱ አልነበረም፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ባንጅ ነበር፤ ከባንጁም በላይ ጎፑሊ ነበረች። ጎፑሊ ሽማግሌውን ሁሉ ካካ፣ አጎቴ፣ የምትል የታችኛው መንደር ሴት ናት፤ ለከብቶቿ የባንጅ ቅጠል ልትቆርጥ ማጭድ ይዛ ጦጣ የማይደፍረው ቅርንጫፍ ላይ ቆማለች። ከሥር ምራቷ ቅጠሉን ትከምራለች፤ ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች።

«ካካ ሀያት! ያ አንገትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ምን ይመስልሻል?»

«እኔማ ሙሽራ መሰሉኝ። ከዚያ ብርቱካኑን ሳይ ሕፃን መሰሉኝ። ከዚያ ጢምዎን ሳይ ግራ ገባኝ።»

ምራቲቱ ከቅጠሉ ክምር ላይ ወደቀች።

«ቁራ ፍለጋ ነው» አለ ሀያት ሲንግ፤ በማዕረግ ሊለው ሞክሮ ትንፋሹ መሀሉ ላይ ተቆረጠ። «እኛ ጋ አልመጣም።»

«ታዲያ ጫካ ውስጥ ምን ያደርጋል? ቁራ እንደ ሰው ነው፤ ዳቦ ያለበት ነው የሚገኘው።» ጎፑሊ በማጭዷ ወደ ወንዙ ጠቆመች። «ትናንት በላያችን ወደ ማዶ ሲጎርፉ ፀሐይዋ ጨለመች እኮ! ትናንት የማዶ ቀን አይደል? እዚያ መንገድ ገብቷል፣ ሱቅ አለ፣ የልጅ ዘር አለ። ድሮ ጠዋት ማዶ በልቶ በማግስቱ እኛ ጋ ሊበላ ይመጣ ነበር፤ ለሁሉም የሚበቃ ቁራ ነበር። አሁን ግን ያለው ሁሉ እዚያው ሆዱን ይዞ ተጋድሟል። ትናንት የጠገበ ቁራ ዛሬ ለሠርግ ቢጠሩት አይነሣ።»

«አንዱም አልቀረም?»

«እንጃ። የሚስትዎ አገር አይደል? እሷ ሳትነግርዎ?»

ሀያት ሲንግ ዱላውን ከመሬት አነሣ። ማንሣቱ ራሱ ሥራ ነበር።

«ካካ፣ ይቀመጡ እስቲ፤ ፊትዎ አመድ መስሏል። ሚስትዎ ምን አለች?»

«ካልመጣ ሃልድዋኒ እንወርዳለን።»

ጎፑሊ ማጭዷን አቆመች። «እንግዲያው ለእኛም አንድ ጭስ ቀነሰ ይበሉኛ» አለች፤ ሳቋ የለም። «ከዚህ ሆኜ ስቆርጥ የእናንተን ቤት ጭስ ነበር የማየው። ይሂዱ፣ ከአፋፉ ላይ ሆነው ይጥሩ። አንድ ሰነፍ ቁራ አይጠፋም።»

አፋፉ እስኪደርስ ድረስ ጉንጉኑ ሳሳ። ረጅም ጅራት ያላቸው ሽበታም ጦጣዎች መንገዱን ዘግተው ተቀምጠው ነበር፤ ትልቁ ጦጣ ፊቱ ጥቁር፣ አቀማመጡ የመንደር ዳኛ ነው። ሀያት ሲንግ ከዳኛ ጋር መሟገት ሰልችቶት ብርቱካኑን ራሱ አውልቆ ሰጠ። ዳኛው ልጣጩን ልጦ መልሶ ወረወረበት።

ከአፋፉ ሲመለከት ወንዙ ታች እንደ ክር ነው፤ ማዶ ደግሞ ቁራዎቹ። በየጣሪያው፣ በየሽቦው፣ በሱቁ ቆርቆሮ ላይ፤ ከአገራችን ከኩማዎን ቁራ አንድም የቀረ አይመስልም፤ ጥላሸት የዘነበ ነበር የሚመስለው። አንዳንዱ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሀያት ሲንግ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። ድምፁ ገደሉ መሀል ደርሶ ደከመውና ወደቀ። አንድ ጥንብ አንሳ ብቻ ከላይ ክቡን እየሳለ ዝቅ ብሎ አየው፣ ገና መሆኑን አረጋገጠና ሄደ።

ተቀመጠ። ራበው። ከጉንጉኑ አንድ ሰይፍ ሰብሮ በላ። ጃሱሊ ዘንድሮ እንስላሉን አብዝታዋለች፤ ደረቅ ነው፣ ግን ጥሩ ነው። እያኘከ የራሱን መንደር ከላይ አየ። ከዚያ ሁሉ ጣሪያ መሀል ጭስ ያለው አንድ ነው፤ ሌላው ላይ ዛፍ በቅሏል። ጫካው በእርከኖቹ በኩል ቁልቁል እየወረደ ነው፤ አይቸኩልም፤ የሚቀድመው እንደሌለ ያውቃል።

መመለሻው ላይ፣ ጨለም ባለው የዝግባ ጥግ፣ የእረኞች አምላክ የኤሪ ድንጋይ አለ፤ ዝገት የበላቸው ትናንሽ ደወሎች ተንጠልጥለውበታል። ከዝግባው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ቁራ ተቀምጧል።

ሀያት ሲንግ ትንፋሹን ያዘ። ሽማግሌ ቁራ ነው፤ አንድ ክንፉ የተንጠለጠለ፣ ምንቃሩ የጠገራ ያህል። ማዶ ለመሻገር ጉልበቱ አልፈቀደለትም ማለት ነው።

«ጌታዬ» አለው በሹክሹክታ። «ወንድሜ። ቤቴ እዚህ ታች ነው። ቁልቁለት ነው፣ አይደክምህም።»

ርግብ ሰብሮ ከድንጋዩ ላይ አኖረ። ቁራው ወረደ፤ እያነከሰ ተራመደ፤ አንሥቶ አየው። አልበላም። ከዝግባው ሥር ስንጥቅ ውስጥ ጎሰጎሰው፣ ቅጠል አለበሰው፣ ለሌላ ቀን። ጠግቧል። ተመልሶ ሲዘል ነው ሀያት ሲንግ እግሩን ያየው።

እግሩ ላይ ክር ተጠምጥሟል። አረንጓዴ ነው።

ሀያት ሲንግ የራሱን ጉንጉን ዳበሰ። ክሩ አንገቱ ላይ ሙሉ ነው፣ ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከጣሪያው ላይ ዝንብ እንኳ አላረፈም። እስከ ክርኑ የጠፋው እጅጌ ትዝ አለው። ለአንድ ጉንጉን ያን ያህል ሱፍ ምን ይሠራል? ሁለት ጉንጉን ነበር። አንዱ ትናንት፣ በማዶ ቀን፣ እሱ ለከብቱ ሣር ሲያጭድ ከጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቁራው መጥቶ ነበር። በልቶ ነበር።

ይናደዳል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱም ራሱ ጠብቆ ነበር። ቁጣው ግን እንደ እሱ ዳገት መውጣት አቅቶት መንገድ ላይ ቀረ። በምትኩ የመጣበት ጃሱሊ መሰላል የምትወርድበት አኳኋን ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አንድ እግር አስቀድማ፣ ሌላውን በእጇ አንሥታ እያስከተለች። ስትወርድ አታቃስትም። እሱ ሲያያት ደግሞ ቆማ ነጠላ የምታስተካክል ትመስላለች። ሰው ቁራ መጣልኝ ብሎ ይደብቃል? ይደብቃል፤ በጣም ሲደክመው።

«አንተም ምስክር ሆነህ ቀረህ» አለው ቁራውን። የቀረውን ጉንጉን ከአንገቱ አውልቆ ኤሪ ድንጋይ ላይ አኖረው። ሊለው የሚገባውን ከዚያ እስከ ቤቱ ድረስ እያኘከ ወረደ። አጭር ነገር ነው። ቁራ አላገኘሁም። በምንጩ ዳር ያለችው ፏጨት የምትል ጥቁር ሰማያዊ ወፍ ድንጋይ ላይ ሆና አንድ ቀጭን ፉጨት አፏጨችበት።

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ጃሱሊ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቷን በእጇ ታሻለች። ሻይ አፍልታለች። ሀያት ሲንግ መግቢያው ላይ ተደግፎ ቆመ።

«አላገኘሁም» አለ። «ሁሉም ማዶ ነው። አንድም የለም። ነገ እንወርዳለን።»

ጃሱሊ ቀና አላለችም። «ጉንጉኑስ?»

«ጫካው በላው።»

«ቡፓል ጋ ደውዬ ነበር።»

«ጥሩ አደረግሽ። በየትኛው አውቶቡስ አልሽው?»

«አንመጣም አልኩት።»

ሀያት ሲንግ ያኔ ነው ግድግዳውን ያየው። ሳህኖቹ ተመልሰው ተሰቅለዋል። ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

«ትናንት ጎህ ሲቀድ ሰቀልኩት» አለች ጃሱሊ ለእሳቱ። «በእናቴ ቤት ቀን። እንዲያው እጄ ለመደና። አንድ ክንፉ የወደቀ ሽማግሌ መጣ። በላ። ከጣሪያችን ላይ በላ፣ የቡፓል አባት፤ ክሩን እግሩ ላይ ጎትቶት ሄደ። እኔም ዝም አልኩ። ጎሉ ይየኝ፣ አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩ። ያንተ ቀን ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልመጣ አልመጣም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ሳህኖቹን ሳወርድ» ብላ ወደ ግድግዳው በአገጯ ጠቆመች፣ «ጥላሸቱ ላይ ክብ ክብ ነጭ ቦታ ቀረ። ዓይን ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥብኝ ዋለ። አንተ ደግሞ እንደ ቡፓል ሕፃንነት ያንን ብርቱካን እያወዛወዝክ ዳገቱን ስትወጣ… ምን ልበልህ፣ ጀርባህን አየሁት።»

ሀያት ሲንግ ጫማውን ሊፈታ ሞከረ፤ ማሰሪያው ራቀበትና ተወው።

«የሹራቤን እጅጌ ኤሪ ድንጋይ ጋ አገኘሁት» አለ። «ቁራ ለብሶት።»

ጃሱሊ ቀስ ብላ ዞረች። «አይተኸው ነው አላገኘሁም ያልከኝ?»

«እና ምን ልበል?»

«ሞኝ።»

«ሞኝ ያገባሽውስ አንቺ አይደለሽ?»

ጎሉ ሰምቷል፣ ቁራው በልቷል፣ ከጣሪያው ላይ በልቷል፤ ቃል ቃል ነው፤ ሌላ አንድ ዓመት ማለት ነው። ከሁለቱ ደስ ያለው የለም፤ የከፋውም የለም። ሻዩን ጥቁር ስኳር እየነከሱ ጠጡ። ከዚያ ጃሱሊ የመዳብ እንስራውን በእግሯ ነካችው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ለጉዞ ብላ ጠዋት ደፍታው ነበር።

«ውሃ የለም» አለች፤ ለመነሣትም እጇን መሬት ላይ ተከለች።

«ተቀመጪ።»

እንስራውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ከኋላው «ግማሽ ብቻ ሙላው!» ስትል ሰማ፤ እንዳልሰማ ሆነ። ምንጩ ላይ እስከ አፉ ሞላው፤ ወንድ አይደል? የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተጸጸተ። ሁለተኛው ላይ እንስራውን ካቡ ላይ አሳርፎ አጠገቡ ተቀመጠ። ያቺ ሆደ ቀይ ትንሽ ወፍ በመጨረሻው ብርሃን ጭራዋን እያንቀጠቀጠች አየችው። እሱም አያት። ዳገቱ እንደሆነ የትም አይሄድም፤ ዓመቱ ሙሉ አለ።